ደጅ ጥናቱ ይቅርና ለታንዛኒያዊቷ ጻፊላት

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር የኬሚስትሪ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። የምሠራው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ በከብት አጥንት ከሰል በማጣራት ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጀርመን አገር ሊንዳው በሚባል ከተማ በሚደረገው የኖቤል ተሸላሚዎች ጉባኤ ተመርጬ ሄጄ ነበር። እዚያ ስደርስ አፌ ተያያዘ። አንድ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ተሸላሚ ጋር ምሳ በላን። የእሳቸውን ሥራ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ የተማርኩት ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠይቃቸው እኔ ሰላጣዬን ሳገላብጥ ምሳው አለቀ። ተከትያቸው ልወጣ ስል ሰው ከበባቸው። በማግስቱ በር ላይ ባገኛቸው ‹ፎቶ እንነሳ?› ብቻ ብዬ ተለያየን። ከጎኔ አንዲት ታንዛኒያዊት ነበረች፣ እሷም በውሃ ላይ ነው የምትሠራው፣ አድራሻ ተለዋውጠናል። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዲፓርትመንት ውስጥ ‹ኖቤሏ መጣች› እያሉ ይቀልዱብኛል። ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ይቅር? ለፕሮፌሰሩስ ጽፌ የድህረ ዶክትሬት ቦታ ብጠይቃቸው ነውር ይሆናል? ዕድሌን ያባከንኩት ይመስለኛል።

አፏ የተያያዘው፣ ከሐዋሳ»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት አሞራ ገደል ተቀምጬ የአሳ ሾርባ እየጠበቅኩ ነው። ሾርባው መጥቶ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ አዘንኩልሽ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ስልኬን ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ዓረፍተ ነገር ቆጠርኩ። ስለ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ስድስት። ስለ ታንዛኒያዊቷ አንድ። እሷንም መሀል ላይ ሸጎጥ አድርገሽ ነው ያለፍሻት።

እኔ ብሆን ቁጥሩን እገለብጠው ነበር።

ስለ ዝምታሽ አንድ ነገር ልበልና እንለፈው። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ይላል ተብለን ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትላክ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ዝም በይ የተባለች ልጅ፣ በአንድ ምሳ ሰዓት ተናጋሪ አትሆንም። ያውም በሰው አገር፣ ያውም በሰው ቋንቋ።

እኔም ብሆን የባስኩ ነበርኩ። በወጣትነቴ ናይሮቢ አንድ ስብሰባ ላይ ሄጄ፣ በእረፍት ሰዓት ቡና ስቀዳ መጽሐፉን ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ሰው አጠገቤ ቆሟል። ልቤ ድው ድው ይላል። ስንት ነገር ላወራው ሳስብ የወጣኝ «ስኳሩን ያቀብሉኝ» የሚል ሆነ። አቀበለኝ። አመሰገንኩት። በቃ። የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። በዚያው ስብሰባ አንድ ኡጋንዳዊ ወጣት ሦስት ቀን ሙሉ አብሮኝ ታክሲ ተጋርቷል። ካርዱን ሰጠኝ፤ ከሱሪዬ ጋር አጠብኩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካምፓላ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የምፈልግበት ቀን መጣ። ስሙ እንኳ ትዝ አላለኝም።

አሁን ወደ ሊንዳው እንመለስ። በየዓመቱ እዚያ የሚገኙት ተሸላሚዎች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ናቸው። ወጣቶቹ ወደ 600 ይጠጋሉ። እንግዲህ አካፍዪው፤ አንድ ሽማግሌ ለ15 ወይም ለ20 ወጣት ይደርሳል ማለት ነው። ሰው ከበባቸው ያልሽው ለዚህ ነው። ከተሸላሚዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጡረታ የወጡም አሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ድህረ ዶክትሬት የሚቀጥርበት ላብራቶሪ የለውም። 600ዎቹ ግን ሁሉም ከ35 ዓመት አይበልጡም። ከአሥር ዓመት በኋላ ላብራቶሪ የሚመሩት፣ ፕሮፖዛል የሚገመግሙት፣ «ለዚህ ሥራ ማን ይሁን?» ሲባል ስም የሚጠሩት ከእነሱ መሀል ናቸው። አንቺ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ አንገትሽን ወደ መድረኩ አቅንተሽ ከረምሽ።

ይሄ የኛ የቆየ ልማድ ነው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ዓይኑ እስኪያርፍብን መጠበቅ። በንጉሡ ዘመን ይሠራ ይሆናል። ሳይንስ ውስጥ አብዛኛው ነገር የሚሠራው በባልንጀራ ነው። እኔ የማላውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንቺ የሌለሽ መሣሪያ እኔ ጋ አለ፣ እንለዋወጥ ነው ነገሩ።

ሊንዳው ራሱ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂያለሽ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ሳይንስ ከዓለም ተነጥሎ ነበር። ሁለት የሊንዳው ሐኪሞች፣ ፍራንዝ ካርል ሃይን እና ጉስታቭ ፓራደ፣ በዚያች ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተቀምጠው የዓለምን ታላላቅ ሐኪሞች እንጥራ አሉ። ማን ያውቃቸዋል? ስለዚህ ሰው የሚያውቅ ጎረቤት ፈለጉ። እዚያው ሐይቅ ላይ ማይናው በምትባል ደሴት የሚኖር፣ የስዊድን ንጉሥ የልጅ ልጅ የሆነ ካውንት ሌናርት በርናዶት የሚባል ሰው አገኙ። ስዊድን ውስጥ ሰው ያውቃል፤ ኖቤል ደግሞ የስዊድን ነገር ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ሰባት ተሸላሚዎች መጡ። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በመጨረሻው ቀን በመርከብ የሄዳችሁባት ደሴት የዚያ ጎረቤት ደሴት ናት። ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ስል ሐዋሳን ማሰቤ አልቀረም፤ ግን ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው።

ታንዛኒያዊቷን ግን እንደ ነገሩ ነው ያነሳሻት። «በውሃ ላይ ነው የምትሠራው» ብለሽ አለፍሻት። ከየትኛው የታንዛኒያ ክፍል ናት? አሩሻ አካባቢ ከሆነች እኮ ያው የኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ወደ ደቡብ ሲቀጥል። ፍሎራይዱም አንድ ነው፣ የበለዘው የልጆች ጥርስም አንድ ነው፣ የአጥንት ከሰሉም እዚያ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የቆየ ነው። አንቺ እዚህ ዝዋይና ወንጂ ስትይ እሷ እዚያ የራሷን መንደሮች ትጠራለች። ከሽማግሌው ፕሮፌሰር ይልቅ የአንቺን ችግር የምታውቀው እሷ ናት። ሰላጣ ስታገላብጪ ክርንሽ ይነካት ነበር!

እንግዲህ ዛሬ ማታ ጻፊላት። ሁለት ወር ብዙ አይደለም፤ ስድስት ወር ቢሆን ትንሽ ይከብድ ነበር። ረቂቁን እኔ ልጀምርልሽ፣ አንቺ በምትጽፊበት ቋንቋ አስተካክዪው፦

«ሰላም። ሊንዳው ላይ ምሳ ሰዓት ከጎንሽ የተቀመጥኩት ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ያኔ ብዙም አላወራሁም። ስለ ሥራሽ የነገርሽኝ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኔ የምሠራው በከብት አጥንት ከሰል ፍሎራይድ ማጣራት ላይ ነው። የቸገረኝ አንድ ነገር ነው፦ ከሰሉ ሞልቶ ፍሎራይድ መያዝ ሲያቆም ቤት ያለች እናት በምን ታውቃለች? የውሃው መልክም ጣዕምም አይለወጥም። እናንተ ጋ ይህን እንዴት ነው የምትከታተሉት? አንድ ግራፍ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ደቂቃ በስልክ ብናወራ ደስ ይለኛል።»

እዚህ ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ በዪ። ሲቪ የለም። «እባክሽ እርጂኝ» የለም። ሙገሳም የለም። አንድ ጥያቄ አለ፣ ያውም ለመመለስ ሙሉ ጽሑፍ ማንበብ የማይጠይቅ። ግራፉም አንድ ብቻ ይሁን። ውሃው ስንት ሊትር ካለፈ በኋላ ፍሎራይዱ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንደሚያልፍ የሚያሳየው ቢሆን ጥሩ ነው። ቁጥሩ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስለሆነ እሷም አይታ ወዲያው ይገባታል። «ያኔ ብዙም አላወራሁም» የምትለውን አታውጪያት። እውነት ናት፣ ሰውም ይወዳታል።

ሌሎቹንስ? አድራሻቸውን አልያዝኩም እንዳትዪኝ። ስልክሽ ውስጥ ስንት የቡድን ፎቶ አለ? ክፈቺው፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ አጉልተሽ ስም አንብቢ። ፎቶውም እንዲህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል? በውሃ፣ በማጣሪያ፣ በማዕድን ኬሚስትሪ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ብታገኚ ይበቃሻል። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት ብትበትኚ ግን የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው የሚሆነው።

ሲቪው ላይ ጻፊው እንጂ! ምን ያሳፍራል? አመልክተሽ፣ ተገምግመሽ፣ ተመርጠሽ ነው የሄድሽው። «ሽልማትና ዕውቅና» በሚለው ሥር አንድ መስመር፦ የሊንዳው የኖቤል ተሸላሚዎች ጉባኤ፣ ተመራጭ ወጣት ተመራማሪ፣ ጀርመን፣ ዓመተ ምህረቱ። በቃ። «ሥልጠና» ሥር አታስገቢው፣ ሥልጠና አልነበረም። «ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ሠርታለች» የሚል ሲቪ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምሳ መብላት መሥራት ከሆነ ሁላችንም አለቅን። ደግሞ ያቺን መስመር ያየ ጠያቂ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ማለቱ አይቀርም። ዛሬ ብትጠየቂ መልስ የለሽም። ከታንዛኒያዊቷ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ካወራሽ በኋላ ግን ይኖርሻል።

ለፕሮፌሰሩ መጻፉ ነውር አይደለም። ቦታ ስጡኝ ማለቱ ግን ይቅርብሽ። አንደኛ ፒኤችዲሽን ገና አልጨረስሽም። ሁለተኛ ያስታውሱሻል ብዬ አልዋሽሽም። ስለ ሥራቸው የሚያብሰለስልሽ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ካለ አምስት መስመር ጽፈሽ ላኪ፤ ቢመልሱ እሰየው፣ ባይመልሱም አልተጎዳሽም። የድህረ ዶክትሬቱን ነገር ስትመረቂ ሌላ በር አለ። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት አለ። መቀመጫውን ትሪየስት ጣሊያን ያደረገው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅትም አለ፤ ፒኤችዲያቸውን ጨርሰው አገራቸው ላይ ለሚሠሩ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጋፍ ይሰጣል። ላብራቶሪሽን እዚሁ ማቋቋም ከፈለግሽ ይሄኛው ይበልጥብሻል ባይ ነኝ። ስትጨርሺ ደግመሽ ጻፊልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናያለን።

«ኖቤሏ» ለሚሉሽ ሰዎች ደግሞ አትኩረፊ። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ቅናት፣ ትንሽዋ ደግሞ «እኔስ እንዴት ልሂድ?» ማለት ናት። ለዚችኛዋ ስትዪ የዲፓርትመንት ኃላፊሽን አንድ ሰዓት ጠይቂ። ያመለከትሽበትን ጽሑፍ ፕሪንት አድርገሽ ይዘሽ ግቢ፤ ስለ ሐይቁ ውበት ሳይሆን ስለ ወረቀቱ አውሪያቸው። ማን እንዳጨሽ፣ ምን እንደተጠየቅሽ፣ የዕድሜ ገደቡ 35 መሆኑን፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሳተፍ ንገሪያቸው። ቪዛውንም አትርሺ፤ ልጆቻችን የሚወድቁት ሳይንሱ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ለአንዲት የጎደለች ወረቀት ሁለቴ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ቀን ሙሉ ይበላል።

መልእክቱን ዛሬ ላኪ፣ ነገ አትበዪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለሰችልሽ አንዴ አስታውሻት። ያኔም ዝም ካለች ተያትና በፎቶው ላይ ወዳለው ወደ ቀጣዩ ባጅ እለፊ። ከመለሰችልሽ ደግሞ ከየት እንደሆነች ንገሪኝ፤ አሩሻ ናት ብዬ ከራሴ ጋር በአንድ ሾርባ ተወራርጃለሁ።