«ልጄን ቅዳሜ የት ልውሰደው?» የሚል አፕ ስለመሥራት ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የአፕ ዲዛይን ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው አንድ አፕ ነው፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚውሉበትን ነገር፣ ዋና ይሁን ክራር፣ ሥዕል ይሁን ቴኳንዶ ወይም ቼዝ፣ እንዲያገኙ የሚረዳ። የምንሠራው በከተማው መሀል ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የመጡትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እንዲህ ዓይነት አፕ ነው። በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ያሉ ማሠልጠኛዎችን ሁሉ ልመዝግብ?

አይ ወንድሜ፣ ከዚያ አትጀምር። እኛ ከዚያ ጀምረን ብዙ ወር ባክኖብናል። ዝርዝሩ ረዘመ፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን አልመጣም።

ነገሩ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መዋኛ ገንዳ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ነበረች፤ በአንድ እጇ የልጇን እርጥብ ፎጣ ይዛለች፣ በሌላው አፓችንን እንድትሞክር የሰጠኋትን ስልክ። ስንት ቀን የለፋንባቸውን ፎቶዎች በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ አለፈቻቸው። ስለ ማሠልጠኛው የጻፍነውንም አላነበበችም። ስልክ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ነው የሚያስተምራቸው?» ብላ ነው። ቀጥላ «እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ መጠበቅ እችላለሁ?» አለች። ዋጋ የጠየቀችው መጨረሻ ላይ ነው።

እኛ ዋጋውን በትልቁ ከላይ ጽፈን፣ የአሠልጣኙን ስም ጨርሶ ትተነው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰፈር ምረጥ፤ አራት ኪሎ ይበቃሃል። 10 ቦታ ብቻ ያዝ፤ ግን 10ሩንም በእግርህ ሄደህ እያቸው። ወላጅ የሚፈልገው ብዙ አማራጭ ሳይሆን ልጁን ትቶት ሊሄድ የሚደፍርበት አንድ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓትና ቀን በኢትዮጵያ ይሁን ወይስ በፈረንጅ? ቡድናችን ውስጥ ክርክር ሆኗል።

ይህ ክርክር እኛን ዋጋ አስከፍሎናል። በመጀመሪያው እትማችን የአንድ የሥዕል ክፍል ሰዓት «3:00» ተብሎ ወጣ። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነበር። አንድ አባት እንደማንኛችንም 3 ሰዓት መስሎት ልጁን ጠዋት ይዞ መጣ፤ ከሰዓቱ 6 ሰዓት ቀድሞ ማለት ነው። በሩ ዝግ ነው። ልጁ የቀለም ሳጥኑን ታቅፎ ደጃፍ ላይ ሲያለቅስ አባትየው ደወለልኝ፤ የልጁ ድምፅ በስልኩ ይሰማ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ሰርቨሩ (መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ሰዓቱ በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ብቻ ይቀመጣል። ሰው ዓይን ፊት ሲደርስ ወደ እኛ ሰዓት ይቀየርና ሁልጊዜ ከፊቱ ቃል ይጨመርበታል፦ «ጠዋት 3 ሰዓት»፣ «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት»። ቁጥሩ ብቻውን አይወጣም። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚኖር ቤተሰብም አለና መቀየሪያ ቁልፍ አለው፤ ሳይነኩት ግን የሚመጣው የእኛው ነው።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል፤ ስህተቱ አይታይማ። እናትየው የልጇን የትውልድ ዓመት 2009 ብላ ትሞላለች። አፑ ያንን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ከወሰደው የ9 ዓመቱን ልጅ 16 ወይም 17 ዓመት ነው ብሎ ከጎረምሶች ጋር ይመድበዋል። ዓመተ ምሕረቱ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ በ8፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ባለው ደግሞ በ7 ስለሚለይ «8 ቀንስ» የሚል ቀላል ቀመር አይሠራም። በዚያ ላይ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ይውላል፤ ጳጉሜንም 5 ወይም 6 ቀን ናት። መቀየሪያውን ራሳችሁ አትጻፉት፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያውቁ የተፈተኑ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) አሉ። ወርሃዊ ክፍያ ካላችሁ ደግሞ ጳጉሜን ትቆጠር አትቆጠር እንደሆነ ከእያንዳንዱ ማሠልጠኛ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጸቡ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አፓችሁ ላይ «ስዕል» ብዬ ስፈልግ ምንም የለም አለኝ፤ ባለቤቴ «ሥዕል» ብላ አገኘችው። ምንድን ነው ነገሩ?

ያ የድሮው እትም ነው፤ አሁን ተስተካክሏል፣ እባክህ አድሰው። ሌሎችም እንዳይሳሳቱ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መለያ ነው) ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ ሐ ኀ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ሥዕል»፣ «ስዕል»፣ «ሥእል»፣ «ስእል» አራት የማይተዋወቁ ቃላት ይሆኑበታል። «ውሃ»፣ «ውኃ»፣ «ዉሀ»ም እንዲሁ። መፍትሔው በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ለንባብ የሚወጣው ጽሑፍ ግን አይነካም። በትክክል «ሥዕል» ብሎ የጻፈ መምህር አጻጻፉ ሊበላሽበት አይገባም።

ቀጥሎ ቅጥያዎቹ አሉ። «ለልጆች»፣ «የልጆች»፣ «ልጆችን» የጻፈ ሁሉ አንድ ቦታ መድረስ አለበት። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው፤ እሱንም ተቀበሉት። «ቴኳንዶ»ን ሰዎች በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ብትሰበስቡ ትገረማላችሁ። እኛ በየሳምንቱ «ምንም አልተገኘም» ያልናቸውን ፍለጋዎች አንድ በአንድ እናነባለን።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ይበቃል?

አይበቃም። እኛ አገር ቦታ የሚነገረው በምልክት ነው፦ ከታክሲ መውረጃው ገባ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፎቅ። ካርታውን ተውት አላልኩም፤ ከሥሩ ግን አንድ መስመር መንገድ ጠቋሚ ጻፉ፣ የትኛው ታክሲ ወይም ባቡር እንደሚያደርስም ጨምሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ከፈረሳውና ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ብዙ የድሮ ምልክት የለም። እኛም በፈረሰ ሕንፃ የሚያመላክቱ መግለጫዎች ነበሩን። ሄዳችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። የማላውቀው ሰው ጋ አፕ አምኜ ልላካት? እናንተስ ምን ታረጋግጣላችሁ?

እህቴ፣ አፕ አምነሽ አትላኪያት። ይህን የምልሽ የአፑ ሠሪ ሆኜ ነው። አፑ ማድረግ የሚችለው ከመሄድሽ በፊት ምን እንደምትጠይቂ ማሳወቅና የማይመልሱትን ማሳየት ነው።

አንድ ቦታ እኛ ጋ እንዲወጣ ከቡድናችን አንድ ሰው ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ሰዓት ይሄዳል። የሚያየው ይህን ነው፦ የሚያስተምረው ማን ነው፣ ስሙና የት እንደሠለጠነ፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ፤ ወላጅ ተቀምጦ ማየት ይችላል ወይ፤ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው፣ ትንንሾቹን ማን ይወስዳቸዋል፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ ወይ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ልጁን ለማን ያስረክባሉ። ዋና ከሆነ የገንዳው ጥልቀትና ውሃው ውስጥ የሚገባ አሠልጣኝ መኖሩ ይታያል። ዳር ቆሞ የሚጮህ አሠልጣኝ ብቻውን አይበቃንም።

«ወላጅ መቀመጥ አይችልም» የሚል ቦታ ካለ ገጹ ላይ በቀይ ይጻፋል። በዚህ ተቆጥተው የወጡ ማሠልጠኛዎች አሉ። «ልጆቹ እናታቸውን ሲያዩ አይማሩም» ይላሉ፤ አንዳንዴ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን በመስታወት በኩል፣ በክፍት በር፣ ወይም በወር አንድ ቀን ማሳየት ይቻላል። ጨርሶ የማያሳይ ቦታ ለራሴ ልጅ የማልመርጠው ስለሆነ ለአንቺ ልጅም አላቀርበውም። የንግድ ፈቃድ አላቸው የሚለውንም እንደ መልስ አትቀበይ፤ ፈቃዱ ስለ ንግዱ እንጂ ልጅሽ ጋ ብቻውን ስለሚቆመው ሰው አይነግርሽም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ተመልከቺ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «በአካል የታየው» ብሎ ቀን አለው። ከ60 ቀን ካለፈው ገጹ ራሱ ይደበቃል። አሠልጣኝ ይለቃል፣ ቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ቦታ ይቀየራል። አምና ጥሩ የነበረ ቦታ ዘንድሮ ሌላ ሰው ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የኮከብ ደረጃ ለምን የላችሁም?

10 ወላጅ ባለበት ቦታ ኮከቡን የሚሞላው የባለቤቱ ዘመድ ነው። በኮከቡ ፈንታ ወላጁን አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ «በሚቀጥለው ወርም ይቀጥላል?» መልሱን ከነምክንያቱ እናወጣለን።

ጥያቄ፦ የምዝገባ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» ይላል። ምን ልጻፍ?

ምንም። ያ ቅጽ የተሠራው ለእኛ አይደለም። ልጅ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ነው ያለው፤ እናትየው ደግሞ በራሷ አባት ስም ትጠራለች። የእናትና የልጅ ስም አይመሳሰልም ብሎ ምዝገባ የሚያግድ ሲስተም አይቻለሁ። ስልክ ቁጥርም በ09 ብቻ ይጀምራል ብላችሁ አትዝጉ፤ የሳፋሪኮም በ07 ነው።

ጥያቄ፦ የልጆች ፎቶ ብናወጣ ማራኪ ይሆናል። ችግር አለው?

አለው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ ባይኖርም ልጁ የሚማርበት ቦታ፣ ሰዓቱና ፊቱ አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ለክፉ ሰው አድራሻ ሰጣችሁ ማለት ነው። የባዶውን ክፍል ፎቶ አንሡ። የትውልድ ቀን ሙሉውን አትጠይቁ፤ ዓመቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የመክፈል አቅም የሌለንስ?

አፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው «በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ» የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። የከተማው መሀል በዚህ ሀብታም ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ ያለችበት። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት በነበረው ቤት፣ የኢትኖግራፊው ሙዚየም። ወዳጅነት ፓርክና በ2015 የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየምም ቅርብ ናቸው። መግቢያ የሚከፈልበትና የማይከፈልበት ስለሚለያይ፣ ሰዓቱም ስለሚለዋወጥ፣ እነዚህንም ከመሄዳችን በፊት ደውለን እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። አፓችሁ ላይ ለእሱ የሚሆን ነገር አጣሁ።

ልክ ነህ፤ በቂ የለንም። ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ በከተማችን ስለ ጉዳዩ በግልጽ ማውራት ተጀምሯል፤ የቅዳሜ ትምህርቶች ግን ገና ወደኋላ ናቸው። አሁን እያንዳንዱን ማሠልጠኛ «ድምፅ የሚረብሸው ልጅ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልሳቸውንም እንዳለ እንጽፋለን። «አንቀበልም» ካሉም እንጽፋለን፤ አንተ ታክሲ ተሳፍረህ ደርሰህ ከደጅ ከምትመለስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን ትምህርት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እናቱ ሥራ ላይ ናት። ስልኬ ቁልፍ ያለው ነው። ለእኔ ምን አላችሁ?

እማማ፣ እርስዎን ያስታወስነው ዘግይተን ነው። አሁን ልጅዎ ስትመዘግበው የእርስዎን ስልክ «አድራሽ» ብላ ታስገባለች። ዋዜማው ማታ ሰዓቱ፣ ቦታውና ይዞት የሚሄደው ዕቃ በአማርኛ አጭር መልእክት ይደርስዎታል። ትምህርቱ ከቀረም ከቤት ሳይወጡ እናሳውቅዎታለን።

ጥያቄ፦ አፕ ከምንሠራ የቴሌግራም ቻናል አይበቃም?

ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ከአፕም ሊሻል ይችላል። ወላጁ እዚያው ነው ያለው። ችግሩ ቻናል ላይ የአምናው ማስታወቂያ ከዘንድሮው ጋር ተደባልቆ መቅረቱ ነው፤ ያለፈበትን የማጥፋት ዲሲፕሊን ካላችሁ ጀምሩ። ክፍያውንም በቴሌብር በቀጥታ ለመምህሩ ይክፈሉ፤ ገንዘቡ በእናንተ በኩል ማለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በግል ክራር አስተምራለሁ፤ 5 ተማሪ ነው ያለኝ። እናንተ ጋ ለመግባት ስንት ይከፈላል? ቤቱም ጠባብ ነው።

ምንም አይከፈልም። ገንዘብ የምንጠይቀው በእኛ በኩል አዲስ ተማሪ ከመጣልህ በኋላ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከፍሎ ከላይ መውጣት የሚባል ነገር የለንም። የቤቱ ጥበት አያስጨንቅህ። 5 ልጅ ማለት እያንዳንዱን ጣቱን ይዘህ ታስተምረዋለህ ማለት ነው፤ ገጽህ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። ለወላጅ የሚሆን አንድ ወንበር በሩ አጠገብ አስቀምጥ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ እያስተማርክ ሳለህ እመጣለሁ። ትንሿ ልጄ ክራር እፈልጋለሁ ካለች ሰንብታለች፤ እሷንም ይዣት ነው የምመጣው።