በጥላ ዛፌ ላይ ያለውን ፈርን ነቅዬ ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቦንጋ አካባቢ በጫካ ቡና የምተዳደር ገበሬ ነኝ። በጥላ ዛፎቼ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ትልልቅ ቅጠል ያለው፣ ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ተክል በብዛት ይበቅላል። በቅርቡ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ይህ ቻይናዎች የተሰበረ አጥንት የሚጠግኑበት መድኃኒት ነው፤ ሥሩን ነቅላችሁ አድርቁልኝ፤ በኪሎ እገዛችኋለሁ» አለን። በእርሻ ዳር ከመሬት የሚወጣውንም ፈርን ቀላቅለን ብናመጣ ግድ እንደሌለው፣ ቅጠሉን ደግሞ ለከብት መስጠት እንደምንችል ነገረን። እውነት ነው? ፈርኑስ የዛፉን ምግብ እየመጠጠ ቡናዬን ይጎዳል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ፈርኑ የዛፉን ምግብ አይመጥም። ተቀጽላ የሚባለው ተክል ሥሩን በዛፉ ውስጥ ሰዶ የሚመገብ ጥገኛ ነው፤ ይህ ፈርን ግን የዛፉን ቅርፊት ለመቆናጠጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከግርጌው ያሉትን ቡናማ ደረቅ ቅጠሎች ልብ ብለው ይዩአቸው። ሰው የሞቱ መስለውት ይነቅላቸዋል፤ እነርሱ ግን ደርቀውም ሥራ ላይ ናቸው። ከላይ የሚረግፈውን ቅጠልና የሚወርደውን ውሃ አጠራቅመው ለፈርኑ አፈር ያበጁለታል። ስለዚህ በዋንዛው ወይም በብርብራው ላይ ቢበዛ አይጨነቁ። በራሱ በቡናው ግንድ ላይ ወጥቶ የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ ካፈነው ግን ቡናውን ሲገርዙ አብረው ማንሳት ይችላሉ።

ወደ ነጋዴው ወሬ እንምጣ። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለአጥንት ስብራትና ለወገብ ሕመም የሚታዘዝ ፈርን በእርግጥ አለ። በገበያ «ጉ ሱዪ ቡ» ይባላል፤ የሳይንስ ስሙ ድሪናሪያ ፎርቹኒ ሲሆን አዳዲስ ጽሑፎች ድሪናሪያ ሩሲ ይሉታል። ከሺህ ዓመት በፊት ከነበረው ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። በጓንግሺ፣ በሲቹዋን፣ በሁቤይና በዤጂያንግ ግዛቶች፣ እንደ እርስዎ ፈርን ሁሉ፣ በዛፍና በአለት ላይ ይበቅላል። ለመድኃኒት የሚወሰደው ሥሩ ሳይሆን ቅርፊቱን ተጣብቆ የሚጋደመው፣ ቡናማ ፀጉር የለበሰው ግንዱ ነው። ሰብሳቢዎች አጽድተው ያደርቁታል፤ ፀጉሩንም በእሳት ለብልበው ያስወግዳሉ። መድኃኒት ቀማሚዎች ደግሞ እስኪነፋ ድረስ በጋለ አሸዋ ይቆሉታል። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መመዘኛ ዝርያውን በስም ይጠቅሳል፤ የደረቀው ግንድ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዳለው ይገልጻል፤ ናሪንጂን የተባለው ንጥረ ነገርም ከ0.50 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። ናሪንጂን የግሬፕ ፍሩትን መራራ ጣዕም ከሚሰጡት አንዱ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በአጥንት ሠሪ ሴሎች ላይ ያለው ውጤት በቤተ ሙከራ ሲጠና ቆይቷል፤ ያ ማለት ግን ቅቅሉን የጠጣ ሰው እግሩ ይጠገናል ማለት አይደለም። እኔ የእጽዋት ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ካለ ወደ ጤና ተቋም እንጂ ወደ ዛፉ አይሂዱ።

እርስዎ የገለጹልኝ ፈርን በደቡብ ምዕራብ የቡና ጫካዎቻችን በጥላ ዛፍ ላይ የተለመደው ድሪናሪያ ቮልኬንሲ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከቻይናው ጋር የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው፤ ነጋዴውን ያሳሳተው፣ ወይም እርስዎን ለማሳሳት የተጠቀመበት፣ ይህ ነው። ዐረቢካና ሮቡስታም የአንድ ወገን ቡናዎች ናቸው፤ ሮቡስታ ጭኖ በዐረቢካ ዋጋ የሚሸጥ ሰው መጋዘን ደጃፍ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የቻይና መድኃኒት ገዢም እንደዚያው ነው። በዚያ ገበያ ሌሎች ፈርኖች በጉ ሱዪ ቡ ስም ስለሚቀርቡ፣ ጠንቃቃ ገዢ ዕቃውን በማይክሮስኮፕና በኬሚካል ምርመራ ይለያል። ስለዚህ ነጋዴው ተመልሶ ከመጣ የሚገዛውን ዝርያ የሳይንስ ስም፣ ገዢው ድርጅት ማን እንደሆነና የናሙናው ምርመራ ውጤት ምን እንደሚል በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። «ቀላቅላችሁ አምጡ» የሚል ሰው መድኃኒት ሊገዛ እንዳልመጣ ግን ከወዲሁ መናገር እችላለሁ።

ሕጉንም ይወቁ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት (የተክሎችና የእንስሳት የዘር ሀብት) ለመጠቀም ወይም ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከዕውቀቱና ከሀብቱ ከሚገኘው ጥቅም እንዲጋራ የሚያደርገውም ይኸው አዋጅ ነው። በኪሎ ሒሳብ ጓሮ ለጓሮ የሚሰበስብ ሰው ይህን መንገድ ያቋርጥብዎታል።

ነቅሎ መሸጡ ከግብርናውም አንጻር አያዋጣም። ፈርን አበባና ዘር የለውም፤ የሚራባው በቅጠሉ ጀርባ በሚያዩት ነጠብጣብ ውስጥ ባለው፣ ስፖር በሚባል እንደ ዱቄት የደቀቀ መራቢያ ነው፤ ስፖሩም የሚበቅለው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ግንዱን ከነአፈሩ ገሽልጠው ካወረዱት ለዓመታት የተጠራቀመው አፈር አብሮ ይወርዳል፤ በባዶ ቅርፊት ላይ እንደገና እስኪተካ ብዙ ይቆያል። ለአጥንት መድኃኒት ብሎ ቀረሮ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው አጥንቱን ሰብሮ እንዳይወርድም ያስቡበት። ነፋስ በጣለው ቅርንጫፍ ላይ ያገኙትን ፈርን ግን መሬት ላይ እንዲበሰብስ አይተዉት። ጫፉ ያልተጎዳ፣ ቅጠል ያለበት ቁራጭ መርጠው፣ ክረምት ሳይወጣ በሻካራ ቅርፊት ላይ በገመድ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ ከሥሩ እርጥብ የዛፍ ሽበት ቢያደርጉለት ቶሎ ይይዛል።

ከጥላ ሥር ተጨማሪ ገቢ ከፈለጉ ገዢው የታወቀ ተክል በደጅዎ አለ፤ ኮረሪማ። አገሩ ይኸው ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ጥላ ይወዳል፤ ከግንዱ ቆርጠው ከተከሉት ከዘር ከሚበቅለው ቀድሞ ያፈራል። ከጤነኛ እናት ተክል ቡቃያ ያለበት ቁራጭ ወስደው ዝናቡ ሲይዝ፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ይትከሉ። ጥምዝና ማርም እዚያው ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ለእነዚህ ቀፎ መስቀልና ሐረጉን አለመቁረጥ ይበቃል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በእርሻ ዳር ከመሬት የሚወጣው፣ በተለይ እሳት ባለፈበትና በተመነጠረ ቦታ የሚበረታው ፈርን ብራከን የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ከዛፉ ፈርን ጋር አይመሳሰልም፤ ቅጠሉ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ኖሮት ደጋግሞ የተከፋፈለ ነው፤ ግንዱ በአፈር ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ ከግርጌው እንደ ዛፉ ፈርን አፈር የሚያጠራቅሙ ቡናማ ቅጠሎች የሉትም። ታኪሎሳይድ የሚባል መርዝ ስላለው ለረጅም ጊዜ የበሉት ከብቶች በፊኛቸው ውስጥ እባጭ ያወጣሉ፤ ሽንታቸውም ደም ይቀላቅላል። መርዙ በወተት ያልፋል። ፈረስና በቅሎን ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ያሳጣቸውና ይንገዳገዳሉ። ቢደርቅም መርዛማነቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከድርቆሽ ጋር እንዳይታጨድ ይጠንቀቁ። ከብት ሣር ካለ ብዙም አይነካውም፤ የሚበላው በበጋ ሲርበው ነውና ያን ጊዜ ሌላ መኖ ያዘጋጁ። ለማዳከም ቅጠሉ ተዘርግቶ ሲያልቅ ይጨዱት፤ እንደገና ሲያቆጠቁጥም በዚያው ዓመት ይድገሙት። አንድ ጊዜ ብቻ ማጨድ ዋጋ የለውም፤ መሬቱን በእሳት ማቃጠል ደግሞ ይባስ ያበረታዋል።

ሽንቷ የቀላ ላም ካለችዎት ወተቷን ለልጆች አይስጡ። ቀይ ሽንት በመዥገር ከሚተላለፍ በሽታም ይመጣል፤ የሁለቱ ሕክምና የተለያየ ስለሆነ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲወስዷት መዥገር እንዳለባትና ባለፉት ወራት የት የት እንደጋጠች ለሐኪሙ ይንገሩት።