የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መብራቱ በጎደለ ማኮብኮቢያ ላይ በሌሊት ማረፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ነው፤ የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘሁም ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ምሽት የአክስቴን ልጅ ወደሚኖርበት የገጠር ከተማ ላደርሰው ሴስና 172 በምትባል ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ተነሣን፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማም ደረስን። በሬዲዮው ማይክራፎን መብራቱን ሳበራው ማኮብኮቢያው ደብዘዝ ብሎ ታየኝ፤ በግራ ጠርዝ ካሉት መብራቶች አብዛኞቹ አልበሩም፤ የመውረጃውን ልክ የሚያሳየው ፓፒም ጨለማ ነበር። ዙሪያው እርሻ ስለሆነ ሌላ ብርሃን አልነበረም። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ስለነበርና የአክስቴ ልጅ ባለቤትም መኪና ይዛ ትጠብቀን ስለነበር ከሰባት ማይል ርቀት ጀምሬ በቀጥታ ወደ ማኮብኮቢያው አቀናሁ። በዓይኔ ሳየው ከፍታዬ ልክ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያልኩ ስለመሰለኝ የሞተሩን ኃይል ቀነስኩ። ጥቂት ቆይቶ የማኮብኮቢያው መጀመሪያ ላይ ያሉት መብራቶች ለቅጽበት ጠፍተው መልሰው በሩ። ደንግጬ ከፍታ መለኪያውን ስመለከት ገና አንድ ማይል ያህል እየቀረኝ ከመሬት በላይ የነበርኩት 150 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ኃይል ጨምሬ ቀጠልኩና በደኅና አረፍኩ፤ የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ምንም አያውቅም። ዓይኔ እንዴት እንዲህ ሊያሳስተኝ ቻለ? ምን ማድረግስ ነበረብኝ? አንድ ወዳጄ ደግሞ «ስልክ ብትደውል ኖሮ ሰዎች በመኪና መብራት ያሳርፉህ ነበር» ይለኛል፤ ይህ በእርግጥ የሚሠራ ነገር ነው? (ስሜ እንዳይገለጽ)

መልስ፦ እንኳን በደኅና ገቡ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ተመልሼ ያነበብኩት «ለቅጽበት ጠፍተው መልሰው በሩ» የሚለውን ነው። ሌሊት ወደ ማረፊያ ሲወርዱ የማኮብኮቢያው የቅርብ ጫፍ መብራቶች ድንገት ከጠፉ፣ በእርስዎና በእነርሱ መካከል ዛፍ ወይም የእህል ጎተራ ወይም ጉብታ ገብቷል ብለው መውሰድ አለብዎት፤ ይህም ማለት እርስዎ ያሉት ከዚያ ነገር አናት እምብዛም ሳይርቁ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ኃይል ጨምሮ መውረዱን መቀጠል አይበቃም፤ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ፣ ክንፍን አስተካክሎ፣ ማረፉን ትቶ ወደ ላይ መውጣት ነው የሚገባው። በዚህ ነገር ላይ አላስታምምዎትም፤ ሁለተኛው ዛፍ ከመጀመሪያው ይረዝም እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረዎትም።

ወደ ዓይንዎ ጉዳይ ልመለስ። በቀን ሲያርፉ ከፍታዎን የሚነግርዎት ማኮብኮቢያው ብቻ አይደለም፤ ከሥርዎ የሚያልፈው እርሻ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የዛፉ ጥላ ሁሉ ሳያስተውሉት ይመሰክሩልዎታል። ባዶ ጨለማ ላይ ሲበሩ እነዚህ ምስክሮች በሙሉ ይቀሩና ዓይን ያለውን ብቸኛ ነገር፣ ሩቅ ያለውን የብርሃን ቅርጽ፣ አጥብቆ ይይዛል። አብራሪውም ይህ ቅርጽ በዓይኑ ውስጥ የሚይዘው ስፋት እንዳይለወጥ ሳያውቀው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ እያደረገ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሳህን ወደ ታች የጎደጎደ ቅስት ይሆናል፤ ማኮብኮቢያው ሳይደረስም መሬት ሊያገኘው ይችላል። አብራሪዎች ይህን «ጥቁር ጉድጓድ» ብለው ይጠሩታል። የሚያታልለውም በጉምና በደመና ቀን ሳይሆን ልክ እንደ እርስዎ ምሽት ሰማዩ ጥርት ብሎ መብራቱ ከሩቅ ሲታይ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው መሣሪያውን ለማየት ምክንያት አያገኝምና።

ይህን ስሕተት ከጀማሪነት ጋር ብቻ አያያይዙት። እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ቦይንግ 727 አውሮፕላኖች ለማረፍ ሲቃረቡ በተከታታይ ከተከሰከሱ በኋላ፣ በቦይንግ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኮንራድ ክራፍት ከባልደረባው ጋር ሆኖ የከተማን የሌሊት ብርሃን የሚያስመስል መሣሪያ አዘጋጀና ብዙ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች በዓይናቸው ብቻ እየገመቱ ወደ ማረፊያው እንዲወርዱ አደረገ። በጨለማ መሬት ላይ ሲወርዱ፣ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ያሉ እየመሰላቸው፣ አደገኛ እስኪሆን ድረስ ዝቅ ይሉ ነበር። ለማብረር የተፈጠሩ ሰዎች እንኳ ከዚህ አላመለጡም፤ ዓይን ማሠልጠኛ ገብቶ የሚተወው ጠባይ አይደለም።

በእርስዎ ላይ ሌሎች ነገሮችም ተደራርበዋል። የማኮብኮቢያ ጠርዝ መብራቶች በሁለቱም ጎን በእኩል ርቀት የሚቆሙ ነጭ መብራቶች ናቸው፤ መጀመሪያውን አረንጓዴ፣ መጨረሻውን ቀይ መብራት ይለየዋል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲታዩ ከፍታንም፣ መሐል ላይ መሆንንም የሚነግር ቅርጽ ይሠራሉ። የግራው መስመር ሲጠፋ የቀረው አንድ ረድፍ ቅርጽ የለውም፤ ይባስ ብሎም አስፋልቱ ከመብራቱ በየትኛው ወገን እንዳለ እንኳ በግምት የሚታወቅ ይሆናል። የገጠር ማኮብኮቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከለመዱት ይልቅ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ማኮብኮቢያ ሰውን ከፍ ያለ ያስመስለውና እንዲወርድ ይገፋፋዋል። «ትንሽ ከፍ ያልኩ መሰለኝ» ያሉት ምንጩ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ መደብዘዙ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። መብራታቸው ከአውሮፕላን በሬዲዮ በሚታዘዝ የአሜሪካ ማረፊያዎች የማይክራፎኑን ቁልፍ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጫን ዝቅተኛውን፣ አምስት ጊዜ መካከለኛውን፣ ሰባት ጊዜ ከፍተኛውን ብርሃን ይሰጣል፤ መብራቱም ለ15 ደቂቃ በርቶ ይቆያል። ስንት ጊዜ እንደተጫኑ አልጻፉልኝም። ብዙ ሰው ሦስቴ ተጭኖ ማኮብኮቢያው «ደካማ ነው» ብሎ ያማርራል። ሰባት ጊዜ ይጀምሩ፤ ሲቃረቡ ብርሃኑ ከበዛብዎት ያኔ ይቀንሱ። ለመጨረሻው ቁልቁለት ከመታጠፍዎ በፊትም ደቂቃው እንዳያልቅ እንደገና ይጫኑ፤ መሬት ሊነኩ ሲሉ ሁሉም ድርግም ማለቱ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ከአፉ ሰምቻለሁ፤ ሲያወራው እንኳ ላብ ያጠምቀው ነበር።

ታዲያ ዓይን ካልታመነ በምን ይወረዳል? በቁጥር ነው። የተለመደው የሦስት ዲግሪ ቁልቁለት በእያንዳንዱ ኖቲካል ማይል (1.85 ኪሎ ሜትር ያህል) 300 ጫማ ያህል ነው፤ ከማኮብኮቢያው ሦስት ማይል ሲቀርዎት ከማረፊያው በላይ 900፣ ሁለት ሲቀርዎት 600፣ አንድ ሲቀርዎት 300 ጫማ መሆን አለብዎት ማለት ነው። እርስዎ ታዲያ በአንድ ማይል ላይ የነበረዎት ከሚገባው ግማሹ ነው። የመውረጃ ፍጥነቱም እንዲሁ ይሰላል፦ በመሬት ላይ ያለዎትን ፍጥነት በኖት (በሰዓት በሚሄዱት ኖቲካል ማይል) ወስደው በአምስት ያባዙት፤ በ70 ኖት የሚጓዝ ሰው በደቂቃ 350 ጫማ ይወርዳል። ርቀቱን ከጂፒኤስ፣ ከፍታውን ከመለኪያው እያነበቡ ጮክ ብለው ቢጠሩት ይጠቅማል፤ አጠገብዎ የተቀመጠውን ዘመድም ማስጠራት ይችላሉ፤ ዝም ብሎ ከሚፈራ ሥራ ቢኖረው ይሻለዋል። ፓፒ ባለበት ቦታ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ መብራት ልክ መሆንዎን፣ አራቱም ቀይ ሲሆኑ እጅግ ዝቅ ማለትዎን ያሳያል።

ከሰባት ማይል በቀጥታ መምጣትዎም ጉድጓዱን አስረዘመው። በማያውቁት ማረፊያ በሌሊት ከደረሱ በቅድሚያ በደኅና ከፍታ ላይ ሆነው ከላዩ ይለፉ፤ የጎደሉትን መብራቶችና የነፋሱን አቅጣጫ ይዩ፤ ከዚያም ከማረፊያው 1,000 ጫማ ያህል ከፍ ብለው እንደተለመደው ዙረው፣ ቅርብ ከሆነ ርቀት ወደ ማኮብኮቢያው ታጥፈው ይውረዱ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ መብራቱ በተሟላ ማረፊያ የሚሠራበት ጥንቃቄ ነው። ፓፒው ጠፍቶ፣ የአንዱ ጠርዝ መብራት ጎድሎ፣ ዙሪያው ጨለማ በሆነበት ማኮብኮቢያ ላይ የእኔ ምክር ቴክኒክ መፈለግ ሳይሆን ወደ ሌላ ማረፊያ መሄድ ነው። የአሜሪካ ሕግ በዓይን ለሚበር ሰው የነዳጅ መጠባበቂያውን በቀን 30፣ በሌሊት 45 ደቂቃ ያደረገው በሌሊት አማራጩ የሚጠብ መሆኑን አስቦ ይመስለኛል። በሬዲዮ የበረራ ተቆጣጣሪን ቢጠይቁ ቅርብ ያለውን መብራቱ የሚሠራ ማረፊያ ይነግርዎት ነበር። ያስቀረዎት ግን ነዳጅ አልነበረም፤ «ባለቤቱ መኪና ይዛ ትጠብቀን ነበር» ያሉት ነው። ይሉኝታ መሬት ላይ ሰውን በሠርግና በለቅሶ ያስቸግራል፤ አየር ላይ ግን አጠገብዎ ባለው ሰው ሕይወት ይደራደራል። ባለቤቱን ሠላሳ ማይል እንድትነዳ ቢያደርጓት ታጉረመርም ይሆናል፤ ታጉረምርም። ከመነሣትዎ በፊትም ኖታም የሚባለውን የአብራሪዎች ማስታወቂያ ማየት ነበረብዎት፤ በመብራት ላይ የታወቀ ብልሽት ካለ የሚወጣው እዚያ ነው። በበረራ ካርታው ላይ ደግሞ የመብራቱ ምልክት ከሆነው ኤል (L) ፊደል ፊት ኮከብ ካለ መብራቱ ገደብ እንዳለው ያመለክታል።

ምናልባት ሞተሩ ወይም ነዳጁ ሌላ ምርጫ አሳጥቶዎት በደብዛዛ ማኮብኮቢያ ማረፍ ግድ ቢሆን፣ ዓይንዎን ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር አንሥተው ወደ ማኮብኮቢያው ሩቅ ጫፍ ይላኩት፤ ትንሽ ኃይል ይዘው፣ አፍንጫውን በጥቂቱ ቀና አድርገው፣ በደቂቃ ከ150 ጫማ በማይበልጥ አወራረድ መሬቱ ራሱ ጎማውን እስኪያገኘው ይጠብቁ። ይህ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ከመምህር ጋር በደኅናው ቀን ተለማምደው ካልያዙት ደግሞ በዚያ ሌሊት አይገኝም።

ስለ መኪና መብራት ወዳጅዎ የነገርዎት ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአላስካ ኢጊዩጊግ በምትባል፣ ሰባ ያህል ሰው በሚኖርባት መንደር የማኮብኮቢያው መብራት አልሠራ ሲል ነዋሪዎቹ መኪናና ባለአራት ጎማ ሞተራቸውን በጠርዙ ደርድረው፣ የታመመ ሕፃን ሊወስድ የመጣውን የአምቡላንስ አውሮፕላን አሳርፈዋል። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በረሃ ውስጥ ባሉ የከብት እርባታ ሜዳዎች ላይ በእሳት ችቦ ብርሃን ሲያርፍ ኖሯል፤ የመጸዳጃ ወረቀት ጥቅል በናፍጣ ተነክሮ በጣሳ ውስጥ የሚነድበትም ጊዜ ነበር፤ ከማረፉ በፊት አንድ መኪና ሜዳውን ተመላልሶ ካንጋሮ ያባርራል። ልዩነቱን ግን ይመልከቱ፦ እዚያ በሽተኛ አለ፣ አብራሪውም በዚሁ ሥራ የተካነ ነው። መኪናም በዘፈቀደ አይቆምም፤ የፊት መብራቱ አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማብራት አለበት፤ ወደ አብራሪው የዞረ እንደሆነ ለጨለማ ለመላመድ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ዓይን በአንድ ጊዜ ያሳውረዋል። የአክስትዎ ልጅ ባለቤት ይህን በስልክ ተነግሯት በትክክል ታደርገዋለች ብዬ አልገምትም፤ እርሷን ማማቴ አይደለም።

አንድ ቀሪ ሥራ አለብዎት። ሕጉ ሰው ጭኖ በሌሊት ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ እስከ መቆም ድረስ በሌሊት ማረፍን ይጠይቃል፤ እነዚያን ሦስቱን በሚቀጥለው ጊዜ ከመምህርዎ ጋር፣ የአውሮፕላኑን የማረፊያ መብራት አጥፍተው ጭምር ይሥሯቸው። ለመምህርዎም ስለ 150 ጫማው ሳይደብቁ ይንገሩት። ወደዚያ ገጠር ማረፊያ ኃላፊም ይደውሉና የትኞቹ መብራቶች እንደጠፉ፣ ፓፒውም እንዳልሠራ ያስታውቁ፤ እርስዎ ካልነገሩት ኖታሙ ላይወጣ ይችላል፤ በሚቀጥለው እሑድም ሌላ ሰው በዚያው መስመር ይመጣል።