የድሮው የአየርላንድ ገበሬ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አየርላንድ ገጠር ቤት ባለፈው ጥቂት ብዬ ጥያቄው ስለበዛ፣ የማውቀውን እዚህ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በርጩማዎቹ ለምን እንዲያ አጠሩ? ሦስት እግርስ ለምን?

መልስ፦ ማጠሩ ከጭስ ለመሸሽ ነው። ጭሱ ጣሪያ ሥር ስለሚያንዣብብ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዓይኑ ይተርፋል። ወለሉ ደግሞ የተጠቀጠቀ አፈር ወይም ጎርባጣ ድንጋይ ነው፤ አራት እግር ሲንገዳገድ ሦስት እግር የትም ይቆማል።

ጥያቄ፦ እንጨቱን ከየት ያመጡ ነበር? አገሩ ደን የለውም ይባላል።

መልስ፦ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደኑ ገና እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ አብዛኛው ተመንጥሮ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተቀብሮ የኖረ የኦክና የጥድ ግንድ ቆፍሮ ያወጣል፤ የባሕር ዳሩ ሰው ማዕበል የተፋውን ሳንቃ ይለቅማል። የወንበሩ መቀመጫ ከገለባ በተገመደ ገመድ ይሠራል። እንጨት ብርቅ ሲሆን አንዱ ዕቃ የሁለት ሥራ ይሠራል፦ «ሴትል» የሚሉት ቀን አግዳሚ ወንበር ነው፣ ማታ ወደ ፊት ሲዘረጋ እንደ ሣጥን ያለ አልጋ ይወጣዋል። ብፌውም ከላይ ሳህን ይደረደርበታል፤ አንዳንዱ ከታች የዶሮ ማደሪያ ነበረው! እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ከብት አብሮ ያድር ነበር?

መልስ፦ በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ አዎ። ሰው በምድጃው ወገን፣ ላም በሌላው ጫፍ፤ መሐላቸው የፍሳሽ ቦይ።

ጥያቄ፦ እሳቱ ጨርሶ አይጠፋም ነበር የሚባለውስ?

መልስ፦ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፣ ጠዋት ገልጠው ያቀጣጥሉታል። ማገዶው «ተርፍ» ነው፦ ከረግረግ እየተቆረጠ እንደ ኩበት የሚደርቅ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት የሆነ አፈር። ጉልቻ አያውቁም፤ ድስቱ ከምድጃው ጎን ከተተከለ ተሽከርካሪ የብረት ክንድ ላይ ይንጠለጠላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሃውም ብፌ ነበረው?

መልስ፦ ኧረ የለም! እስካሁን ያወራሁት ትንሽ ሻል ስላለው ቤት ነው። የ1841 ቆጠራ ቤቶችን በአራት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ የመጨረሻው ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ጎጆ ሲሆን ከሦስት ቤት አንዱ በላይ እሱ ነበር። እዚያ ድስት፣ በርጩማና የገለባ መኝታ ካለ ብዙ ነው። በ1845 የድንች በሽታ ረሃብ አስከትሎ ነዋሪው ሲያልቅና ሲሰደድ፣ 490,000 ገደማ የነበሩት ጎጆዎች በ1851 ቆጠራ 136,000 አካባቢ ሆነው ተገኙ።

ጥያቄ፦ ዕቃዎቹን ዛሬ የት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ካስልባር ከተማ አጠገብ፣ ቱርሎ ፓርክ ያለው የገጠር ሕይወት ሙዚየም። መግቢያው ነፃ ነው።