የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ለመሆን ለምታስቡ

ውድ ወጣቶች፣

በአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ክፍል የተጫዋቾችን ትምህርት ስከታተል ኖሬ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ከልጆቻችን መካከል፣ በተለይ እዚህ ተወልደው ካደጉት ሴቶች፣ የኮሌጅ ሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚጠይቁኝ እየበዙ ስለመጡ፣ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ በአንድ ደብዳቤ መጻፉን መርጫለሁ። በዚህ ሙያ ውጤቱ ከሥራው ብዙ ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ የሚያየው ሰው በሌለበት መሥራት የሚከብደው ሰው ባይጀምረው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ፓት ሰሚት በ1974 እ.ኤ.አ. የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ሲረከቡ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። የሄዱት በረዳትነት ሊሠሩ ሲሆን፣ ዋናው ኃላፊነት ሳይታሰብ በእጃቸው ወደቀ። ደመወዛቸው በወር 250 ዶላር ነበር፤ የተጫዋቾቹን መለያ የሚያጥቡትም፣ ቡድኑን የሚያጓጉዘውን መኪና የሚነዱትም እሳቸው ነበሩ። ሴቶች በትምህርት ተቋማት እኩል ዕድል እንዲያገኙ የሚያዝዘው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ብቻ ነበር፤ የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ የሴቶችን የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው እንኳ በ1982 ነው። የሰሚት የመጀመሪያ የሻምፒዮና ዋንጫ የመጣው በ1987፣ ማለትም ሥራውን ከያዙ ከ13 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በ2012 ሲለቁ 1,098 ድልና 8 ዋንጫዎች ነበሯቸው።

ሁላችሁም የምትጠቅሱልኝ ይህንን ቁጥር ነው። እኔን ግን፣ ምናልባት በሙያዬ ምክንያት ይሆናል፣ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የመጫወቻ ዘመናቸውን በቴነሲ ያጠናቀቁት ተጫዋቾቻቸው በሙሉ ዲግሪያቸውን ይዘው መውጣታቸው ነው። ሰሚት ተጫዋቾቻቸው በክፍል ውስጥ ከፊተኞቹ ሦስት ረድፎች እንዲቀመጡ ያዝዙ ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከፊት የምትቀመጠውን ተማሪ መምህሩ በስሟ ያውቃታል፣ የቀረች ዕለትም ወዲያው ያስተውላል፤ ስለዚህ አሰልጣኟ በሌለችበት የሚከታተላት ሌላ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ሥራ በቴሌቪዥን አይታይም።

ሌላዋ አሰልጣኝ ታራ ቫንደርቪርም በ1985 ጥሩ ውጤት ያስመዘግብ የነበረውን የኦሃዮ ስቴት ቡድናቸውን ትተው ወደ ስታንፎርድ ሲሄዱ፣ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን በ13 ድልና በ15 ሽንፈት ጨረሱ፤ ዋንጫውን ያነሱት በ1990 ነው። ዶውን ስቴሊም በተጫዋችነታቸው ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ ቢሆኑም፣ በ2008 የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዘው በመጀመሪያው ዓመት 10 ጊዜ አሸንፈው 18 ጊዜ ተሸንፈዋል። ያው ቡድን በ2017 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ደግሞ 38 ጨዋታዎችን ያለ አንድ ሽንፈት ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለው ሥራ በአብዛኛው ምልመላ ነው።

ምልመላን ሳታዩት እንዳትፈርዱበት። በሐምሌ ሙቀት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታ በሚካሄድበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ የኮሌጃቸውን ምልክት የለበሱ አሰልጣኞች በማጠፊያ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይመለከታሉ። በሥራ አብሬያቸው የነበርኩ አንዲት አሰልጣኝ ልጅቷ ኳስ ስታስቆጥር ብዙም አይጽፉም ነበር። ተቀይራ ስትወጣ ግን እስክሪብቷቸውን ያነሳሉ፤ የት እንደተቀመጠች፣ ለገባችው ልጅ አጨብጭባ እንደሆነ፣ ጨዋታው ሲያልቅ እናቷን እንዴት እንዳናገረች ይመዘግባሉ። «መወርወሩን እኔ አስተምራታለሁ» ይሉ ነበር። እንዲህ የተመረጠች ልጅ በሜዳ ላይ የምትጠቅመው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በዚህ መሐል አሰልጣኟ በሽንፈት ምክንያት ልትሰናበትም ትችላለች።

ዛሬ ነገሩ ከብዷል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲዛወሩም አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ እንዲቆዩ የሚያስገድደው ደንብ ላልቷል። ለተጫዋቾቹ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዓመታት ትርፉን ሌላው ሲበላው አይቻለሁና። ለአሰልጣኟ ግን በየፀደዩ የራሷን ተጫዋቾች እንደገና ማሳመን ማለት ነው።

ለሴቶች ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ታይትል ናይን ሲወጣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የኮሌጅ ሴቶች ቡድኖች፣ ሁሉም የስፖርት ዓይነቶች ተደምረው፣ የሚሠለጥኑት በሴቶች ነበር። ሕጉ ገንዘብ ሲያመጣና ደመወዙ ሲያድግ ወንዶች ወደ ሥራው ጎረፉ፤ አሁን የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ቦታው ተዘጋጅቶ እየጠበቃችሁ እንዳይመስላችሁ።

የት እንጀምር ለምትሉኝ፣ በትምህርት ላይ ያላችሁ ከሆነ የቡድኑ ተማሪ ረዳት ለመሆን ጠይቁ። ፎጣና ውኃ ታቀርባላችሁ፣ በልምምድ ላይ ሰዓት ትይዛላችሁ፣ የተወረወረ ኳስ እየለቀማችሁ ትመልሳላችሁ፣ የጨዋታ ቪዲዮ ትቆርጣላችሁ። በዕረፍት ጥሪ ጊዜ ከወንበሩ ጀርባ ስለምትቆሙ፣ አሰልጣኟ መጀመሪያ ከረዳቶቿ ጋር ጥቂት ራቅ ብላ ስትመክር፣ ከዚያም በአምስቱ ተጫዋቾች ፊት ተንበርክካ ከሰማችው ሁሉ አንዱን ብቻ መርጣ ስትናገር ትሰማላችሁ። ወንዶችም ብትሆኑ ዕድል አለ፤ ብዙ የሴቶች ቡድኖች በልምምድ ላይ ተጋጣሚ ሆነው የሚጫወቱ ወንድ ተማሪዎችን ይፈልጋሉ። ጥያቄያችሁን ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ በአካል ሄዳችሁ ለረዳት አሰልጣኞቹ አቅርቡ፤ ዋናዋ አሰልጣኝ በዚያ ወቅት ቢሮ ውስጥ ብዙም አትገኝም። ደብዳቤ ከያዛችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችሉም በግልጽ ጻፉበት።

አክባሪያችሁ