ነጯ ትዘላለች፣ ድርድሩ አይበተንም፤ የት ጋ ነው ችግሩ?

አንድ የፑል ቤት ባለቤት ከአዳማ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ሰባት ጫማ፣ ባለ ድንጋይ ጠረጴዛ አለኝ። መክፈቻ፣ ማለትም የጨዋታው የመጀመሪያ ምት፣ ሲመታ በትሪያንግል የተደረደሩት ኳሶች አይበተኑም፤ ግማሹ እዚያው ተከማችቶ ይቀራል። የምትመታዋ ነጭ ኳስ ደግሞ ትዘላለች። በቀደም ከጠረጴዛው ወጥታ ቆሞ የሚያይ ልጅ ጉልበት መታች። ባለሙያ አምጥቼ ጨርቁን አስቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። የድሮዋ ነጭ ጠፍታ ሌላ ከገዛሁ ወዲህ የባሰ ይመስለኛል። እነዚሁ ደንበኞቼ ሌላ ቤት ሲጫወቱ ግን ደህና አድርገው ይከፍታሉ።»

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ሰዎቹ ሌላ ቤት ደህና ከከፈቱ ክንዳቸው ጤነኛ ነው። ጠረጴዛህን ሳላየው የምጠረጥረው ያቺን አዲሷን ነጭ ነው። ከስብስቡ ጋር አልተወለደችም።

ወደ ሥራው ሳንገባ አንድ ነገር ልበልህ። መክፈቻ ሲመታ ከድርድሩ ኋላ ሰው አይቁም። ደንበኛም፣ ኳስ የሚደረድርልህ ልጅም። ጉልበት ላይ ያረፈችው በዕድል ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትበር 170 ግራም ኳስ ጥርስ ላይ ብታርፍ ምን እንደሚሆን አስበው።

አሁን ነጯን ፈትሻት። ሦስት ኳስ ጠረጴዛው ላይ አሰልፍ፤ ነጯ መሃል፣ ሁለት ባለቀለም ግራና ቀኝ፣ ተነካክተው። ከላያቸው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድም። ማስመሪያው ነጯ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከተወዛወዘ አለቀ፣ ነጯ ትልቅ ናት። ሦስቱም ላይ ያረፈ ከመሰለህ ከኋላ የስልክህን መብራት አብራና በማስመሪያውና በኳሶቹ መሃል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ዝቅ ብለህ እይ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካለህማ የተሻለ ነው። ትክክለኛ የፑል ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት 0.127 ብቻ። በሳንቲም ለሚሠሩ ጠረጴዛዎች ግን 60.3 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጭ ትሠራ ነበር። ማሽኑ በትልቅነቷ ለይቶ እንዲመልሳት ነው። አንተ የገዛኸው ከዚያ ዘር ይመስለኛል። በነጠላ ኳስ የሚሸጥ ሰው መጠን አይጠይቅህም፤ «ነጭ ናት አይደል?» ብሎ ይሰጥሃል።

ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች እንዳትል። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሠኝ፣ ይህችን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ።

ሁለት ኳሶች ሲጋጩ የሚገፋፉት ከመሃል ለመሃል በሚሄደው መስመር ነው። እኩል ከሆኑና ሁለቱም ጨርቁ ላይ ከተቀመጡ ያ መስመር ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ነው፤ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ነጯ ስትተልቅ መሃሏ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የድርድሩን የፊተኛ ኳስ የምታገኘው ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብላ ነው። ስለዚህ እሱን ወደ ታች፣ ጨርቁ ውስጥ ትጫነዋለች፤ እሱ ደግሞ እሷን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይመልሳታል። በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። በመክፈቻ ጊዜ ነጯ ጨርቁን ይዛ የምትሄድ ይመስልሃል እንጂ በብዛት ትንሽ በአየር ላይ ናት። ለምን? ስቲኩ፣ መምቻው እንጨት፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ማለፍ ስላለበት ቂጡ ከፍ ይላል፤ ኳሷን ወደ ታች ይመታታል፤ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ መልሶ ያነጥራታል። የጠርዙ ላስቲክ አፍንጫ፣ ኳስ የሚነካው ጫፉ፣ ከኳስ ቁመት 63 በመቶ ግድም ላይ ነው፣ የእንጨቱ ጠርዝ ከዚያም ይበልጣል። ነጯ በመክፈቻው መስመር ላይ፣ ማለትም በሰባት ጫማ ጠረጴዛ ከላስቲኩ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃ ከተቀመጠች፣ ስቲኩ ሦስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ቢጋደል ይበቃዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ካስቀመጥካት ግን ወደ አሥር ዲግሪ ይደርሳል። ያኔ ነጯ ዘላ፣ በአየር ላይ ሆና የፊተኛውን ኳስ ትከሻ ትመታለች። አምስት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለቷ ብቻ ያንን ከመሃል ለመሃል የሚሄደውን መስመር አምስት ዲግሪ ያጋድለዋል። ትልቅነቷ ሲጨመርበት ደግሞ ከጠርዙ በላይ ለመውጣት ይበቃታል። አዲሱ ጨርቅህ ላይ የፊተኛው ኳስ የሚቀመጥበት ቦታ ነጫጭ ነጥብ አውጥቶ ከሆነ የዚህ ምስክር እሱ ነው።

ክብደቱም አለ። በስፋት ሦስት ሚሊ የጨመረች ኳስ በክብደት 17 በመቶ ያህል ትጨምራለች፤ 170 የነበረችው 200 ግራም ትሆናለች። እኩል ኳስ ሲገጥማት መሃል ጠረጴዛ ላይ ትቆም የነበረችው ነጭ አሁን ድርድሩ ውስጥ ገብታ ትተራመሳለች።

መፍትሔው ነጯን ጥሎ ከስብስቡ ጋር እኩል የሆነች መግዛት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ልሞርዳት እንዳትል፤ ያንን ያደረገ አይቻለሁ፣ እንቁላል ነው የሆነችበት። አቅም ካለህ ሙሉ ስብስብ ግዛ፣ ከፊኖል ሬዚን (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) የተሠራ፣ እንደ ቤልጂየሙ አራሚት ያለ። በርካሹ የፖሊስተር ኳስ እኔ ተማርሬያለሁ። ቶሎ ያልቃል፤ አንዱ ከሌላው እኩል አያልቅም፤ ከዚያ እኩል ያልሆኑ ኳሶችን አጥብቆ መደርደር አይቻልም።

ያልተበተነው ድርድር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ተጠጋግቶ የቆመበት የታክሲ ሰልፍ ከኋላ ሲገፋ ተፈንጥሮ የሚወጣው ከፊት ያለው ነው። መሃል ላይ ክፍተት ካለ ግፊቱ እዚያ ይሞታል። ኳሶቹን ደርድርና ትሪያንግሉን አንሳ፣ ከኋላ ጎንበስ ብለህ በመብራት እይ። በፊተኛው ኳስና ከኋላው ባሉት ሁለቱ መሃል ቀጭን ብርሃን ካየህ ድርድርህ ልቅ ነው። ልጁ ኳሱን በሌላ ኳስ እየቀጠቀጠ የሚያስቀምጥ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁመው። ጨርቁ ላይ ጉድጓድ ይሠራል፤ ነገ ኳሱ ወደ ጉድጓዱ እንጂ ወደ ጓደኛው አይጠጋም።

ጨርቁን የቀየረልህን ሰው ሥራም እይ። የፊተኛው ኳስ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣትህን አሳልፍ። እብጠት ካገኘህ የድሮውን ጉድጓድ በማስቲሽና በቁራጭ ጨርቅ ሞልቶ በላዩ ላይ ወጥሮበታል ማለት ነው። ይህን ሥራ ስንት ቦታ አገኘሁት መሰለህ! የድርድሩን በኩል ስቴፕል ፍታ፣ ማስቲሹን ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ በስለታም ስፓቱላ ፋቅ፣ አቧራውን ጥረግ፣ መልሰህ ወጥር። ጨርቁ ተነሥቶ ሳለ ውሃ ልክ አስቀምጥበት። የፊተኛው ኳስ የሚቀመጥበትን ነጥብ ስታኖር ከላስቲኩ አፍንጫ እስከ አፍንጫ ያለውን ርዝመት ለካና ሩቡ ላይ አድርገው። በዓይን ልክ አይሠራም።

አመታቱን በአጭሩ ልንገርህ። ነጯን ወደ ላስቲኩ ሳይሆን ወደ መክፈቻው መስመር አስጠግተው ያኑሩ። የስቲኩ ቂጥ ጠርዙን ሊነካ እስኪል ይውረድ። መሃሏን ይምቱ፣ የፊተኛውንም ኳስ ሙሉ ለሙሉ። ጉልበት ይቀንሱ። በሙሉ ኃይል ስቶ ከመምታት በሦስት አራተኛው ጉልበት በትክክል መምታት ይበልጥ ይበትናል። ይህን ለወጣት ደንበኛ ማስረዳት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥገናውን ጨርሰህ ስትሞክርም ልጁ ከጎን ይቁም። ከኋላ አላልኩም።

ስትሞክር ለስለስ ያሉ መክፈቻዎችን ምታና ከኋላ በኩል ያሉትን ሁለት የማዕዘን ኳሶች ብቻ ተከታተል። ድርድሩ ጥብቅ ከሆነና መሃል ለመሃል ከተመታ ሁለቱም እኩል ተፈትልከው ወደየጎናቸው ይወጣሉ። አንዱ ሁልጊዜ የሚዘገይ ከሆነ ክፍተቱ በሱ በኩል ነው። ትሪያንግሉን ገልብጠህ ደርድርበት። የሚዘገየው ኳስ ጎን ከቀየረ የጠመመው ትሪያንግሉ ነው፣ ቀይረው። ካልቀየረ ወደ ጨርቁ ተመለስ።