ፀሐይ ቀድማ ከጠለቀች ጾም ይፈታል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። በነቢያት ጾም ወቅት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እዚህ ፀሐይ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከመሸ ጾሜን ልፍታ? ደግሞም ድብርት ይዞኝ ለጸሎት መቆም አቅቶኛል። እግዚአብሔር ርቆኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አልራቀሽም። የፀሐይ ብርሃን ሲያንስ እንቅልፍ ይዛባል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ልብም ይከብዳል። ይህ የሥጋ ድካም እንጂ ኃጢአት አይደለም። «ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጉደል ነው» የሚልሽን አትስሚ። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ታከሚ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እንደ አቅምሽ ይወስኑልሻል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ይህን ጾም የምንጾመው እስከ 9 ሰዓት ነው፤ እዚያ 15 ሰዓት የሚሉት ማለት ነው። 9 ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቢጨልምም 9 ሰዓትን ጠብቂ። በፀሐይ ብንሄድማ፣ በነሐሴ በሚጾመው በፍልሰታ እዚያ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎም ሳትቀምሺ ልትቆዪ ነው! ቅዳሜና እሁድ ግን ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) ብቻ ነው የምንከለከለው።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ባንዴ ልያዝ አትበዪ። ጠዋት ስትነሺ መብራቱን አብሪ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ቆመሽ «አባታችን ሆይ»ን ድምፅሽን አውጥተሽ ድገሚ። ድምፅ አውጥተሽ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ያዘነ ሰው በልቡ ብቻ ሲጸልይ ሐሳቡ ቶሎ ይበተንበታል። ከዚያ በላይ ካልቻልሽ፣ ለዛሬ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንድትዪልኝ እፈልጋለሁ። ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ የሚውለው እሁድ «ብርሃን» ይባላል። ምስባኩም፣ ማለትም ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፤ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ ማለት ነው። ነቢያት በጨለማ ሆነው የጠበቁትን ክርስቶስን እያሰብን ነው የምንዘምረው። አንቺ ጋ ደግሞ ቀኑ ከሁሉ የሚያጥረው በዚያው ሰሞን ነው! እኔ ይህ እሁድ ከማንም በላይ ለእናንተ የተሠራ ይመስለኛል። ስለዚህ ቢከብድሽም ቤት አትዋዪ፣ ቅዳሴ ሂጂ። ብቻሽን መውጣት ካቃተሽ፣ ከደብሩ እህቶች አንዷ ጠዋት መጥታ እንድትወስድሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት።